ጋሽ ቱንቢ ድሪላቸውን ከፈቱ

ሰው ዕቃ ሊጥል ሲሄድ ባይታይ ይወዳል። ጋሽ ቱንቢም ያን ዕለት ከምሳ በኋላ በሕንፃው ጓሮ ወዳለው የቆሻሻ ገንዳ ያመሩት ባትሪ ድሪላቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ግራና ቀኝ እየገላመጡ ነበር። ይሁንና የሚሸሹት ነገር ቀድሞ ይጠብቃልና፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቷን ልትደፋ መጥታ ገንዳው አፍ ላይ ተገጣጠሙ።

ጋሽ ቱንቢ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሃምሳውን የጨረሱት ከእንጨት ጋር ነው። ጎረቤቱ በግንበኛ ማቃኛ ገመድ ስም ቱንቢ ያላቸው የተንጋደደ ነገር አይተው ማለፍ ስለማይሆንላቸው ነው፤ ሰው ቤት ተጋብዘው ሲሄዱ እንኳ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት የግድግዳውን ሥዕል ያቃናሉ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሠላሳ ያልሞላት፣ «መርፌዋ ከምላሷ ይደነዝዛል» ተብላ የምትታማ ልጅ ናት።

«ደህና ዋሉ ጋሼ? ምንድን ነው እንዲህ እንደ አራስ ልጅ ያቀፉት?»

«ሬሳ ነው ልጄ።»

«ወይኔ! የማን?»

«የድሪሌ። ዛሬ ጠዋት አራተኛውን ቀዳዳ ስጀምር አንዴ አቃሰተና ቀጥ አለ። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ መቅበር ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቀች። ያን ቀን ግን ቀልዱ አፋቸው ላይ እንጂ ዓይናቸው ላይ እንደሌለ አየች፤ ምክንያቱንም ሕንፃው ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ቱንቢን በልጅነታቸው እንደ እናት ያሳደጓቸው፣ ዛሬም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረዋቸው የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው እትዬ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ከደረጃው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ነገ እኩለ ቀን ላይ ይወጣሉ። ሐኪሙ በአንድ እጃቸው ክራንች፣ በሌላው መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው መውጣት እንደሚችሉ ተናግሯል። ጋሽ ቱንቢም የወለቀውን የደረጃ መደገፊያ ትናንት ሙሉ በሙሉ ነቃቅለው፣ አዲስ እንጨት ልገው፣ ግድግዳው ላይ በስምንት ብረቶች ሊያቆሙት ጀምረው ነበር። ሦስቱ ቆሙ። አምስቱ ቀሩ። ድሪሉ ሞተ።

«ሁለት ጎረምሳ ተሸክሟቸው ቢወጣስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በስልክ ነገርኳታ! ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እኔን ሰው የሚሸከመኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ከቤቴ የምወጣ ቀን ነው እንጂ የምገባ ቀን አይደለም› አለች። መያዣ ከሌለ የእህታችን ልጅ ዘንድ ትሄዳለች፤ የልጅቱ ቤት ደረጃ የለውም፣ ግን የአንድ ቀን መንገድ ነው። እትዬ አንዴ ከሄደች ደግሞ...» አሉና አልጨረሱትም። በሰባ አምስት ዓመቱ ከቤቱ የወጣ ሰው ዕቃውን እንጂ ራሱን መልሶ እንደማያመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

«የሚያውስዎት የለም?»

«የቧንቧ ሠራተኛው ነበረው፤ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል። ባለሱቁ ‹አዲስ የሚገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው› አለኝ። በመሮ ብመታው ጡቡ ይፈረፈርብኛል።»

«ታዲያ ይሄንን ለምን አንከፍተውም?»

ሽማግሌው እንደተሰደበ ሰው አዩአት። «የተከፈተ ዕቃ የሞተ ዕቃ ነው፤ ይህን ሃምሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ኤሌክትሪክ የነካውን ነገር የፋብሪካ ሰው ዘግቶታል፤ የሚያውቀውም እሱ ነው። ሲሠራ ትሠሪበታለሽ፣ ሲቆም ትቀብሪዋለሽ፣ በቃ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ጋሽ ቱንቢ ሰነፍ አይደሉም፤ አባካኝም አይደሉም። የጎበጠ ሚስማር አቃንተው ዳግም የሚመቱ ሰው ናቸው። ነገር ግን ብዙዎቻችን በምናውቀው ዕቃ ጌታ፣ በማናውቀው ዕቃ ደግሞ ሎሌ ሆነን እንኖራለን፤ ሎሌነታችንንም «ወግ» ብለን እንጠራዋለን።

ልብስ ሰፊዋ ከረጢቷን መሬት አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ባለፈው ወር ፀጉር አስተካካዩ እግሩ የተሰበረ ወንበር ሊጥል እዚሁ ሲመጣ ምን አሉት?»

«ምን አልኩት?»

«መስኮቴ ክፍት ነበር፤ ከነስድብዎ ሰምቻለሁ። ‹አንተ ገልቱ፣ እግርህ ቢሰበር እናትህ ገንዳ ውስጥ ትጥልህ ነበር?› አሉት።»

«ወንበርማ ሌላ ነው! እንጨት ሲያመው ይነግርሻል፤ ይሰነጠቃል፣ ይንቋቋል፣ ያብጣል። ይሄ ዝም ያለ ነገር ነው።»

«ዝም ያለው እርስዎ ስላልጠየቁት ነው። እስቲ ልጠይቅዎት። ሣጥን ሲሠሩ ዳግመኛ እንዲከፈት የማይፈልጉትን መጋጠሚያ በምን ያያይዙታል?»

«በኮላ ነዋ።»

«ተመልሰው የሚከፍቱትንስ?»

«በብሎን።»

ልብስ ሰፊዋ ጋዜጣውን ገለጠችና በጣቷ የድሪሉን ጎን ነካች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት ብሎን አለው። የፋብሪካው ሰው እንዳይከፈት ቢፈልግ ኮላ አልቆበት ነው? ብሎን ማለት በር ነው ጋሼ። ይሄን እኔ አይደለሁም ለአናጢ የምነግረው።»

ጋሽ ቱንቢ ብሎኖቹን አዩ። አራት ዓመት በእጃቸው ይዘውት ሲውሉ አይተዋቸው አያውቁም ነበር። ለመሸነፍ ግን ገና ነበሩ።

«አንቺ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነሽ። ከመቼ ወዲህ ነው የሞተር ሐኪም የሆንሽው?»

«ማሽኔ ከነሞተሩ የቆመብኝ ቀን። ጠጋኙ ‹ነገ እመጣለሁ› እያለ ሁለት ሳምንት ሲያስጠብቀኝ፣ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መመሪያ ቃል በቃል እያነበብኩ ከፈትኩት። መጀመሪያ ቀን አበላሸሁት። ሦስተኛው ቀን ሠራ። ጎረቤቶቼ ‹ባል አግቢ፣ ይጠግንልሻል› ሲሉኝ ከረሙ፤ እኔ ግን ካቻቪቴ ገዛሁ፤ እሱ እራት አይጠይቅም።»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። «ምላስሽን ያዢልኝ እንጂ!... እሺ፤ ከመቀበሩ በፊት የሞተበት ምክንያት ይመርመር። ያው ሬሳ ነው፣ ከዚህ በላይ አይሞትም።»

*

ምድር ቤት ያለው የጋሽ ቱንቢ የሥራ ክፍል አንድ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ሥር ረጅሙ ጠረጴዛ፤ ግድግዳው ላይ መጋዞችና መላጊያዎች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ አንዳቸውም ላይ ዝገት የለም። ልብስ ሰፊዋ ካቻቪቴዎቿን ከቤቷ አምጥታ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ባትሪው ይነቀል። ባትሪ የገባበትን ዕቃ መክፈት ያልታሰረ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ መክተት ነው።»

ባትሪውን ቻርጀሩ ላይ ሰካችው፤ አረንጓዴ በራ። «ይሄ ጤነኛ ነው። እንግዲህ በሽታው ቁልፉ ነው፤ በጣትዎ የሚስቡት ይሄ። የኔም ማሽን እንደዚሁ ነበር። ምንም ጥርጥር የለውም።»

ብሎኖቹን መፍታት ጀምራ ጠረጴዛው ላይ ስትዘራቸው ጋሽ ቱንቢ እጇን ያዙ።

«ቆይ! ቆይ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየፈታሁ።»

«እየበተንሽ ነው እንጂ! ይሄ ረጅም ነው፣ ያ አጭር ነው፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብታስገቢው ያንን ፕላስቲክ ወግቶ ይወጣል። ልብስ ስትሰፊ እጅጌውን ከአንገቱ ጋር ትደባልቂያለሽ?» አሉና አንድ ሣንቃ አነሡ፤ በእርሳስ የድሪሉን ቅርፅ ነደፉበት፤ በየቦታው ትንንሽ ቀዳዳ ወጉና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት አኳያ ሰኩት። ልብስ ሰፊዋ ይህን መመሪያ ላይ አላነበበችውም። ልብ ግን አለች።

ድሪሉ ለሁለት ተከፈለ። ልጅቱ ከባትሪው ሁለት ሽቦ ስባ፣ ቁልፉን ዘልላ፣ ሽቦዎቹን በቀጥታ ሞተሩ ላይ አስነካቻቸው። ቁልፉ ከሆነ የሞተው፣ ሞተሩ አሁን መዞር ነበረበት።

አልዞረም።

ደግማ አስነካችው። ዝም። ሽማግሌው ከጎኗ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ ልጅቱ ሽቦዎቹን አስቀመጠችና፦

«ተሳስቻለሁ ጋሼ» አለች። «ቁልፉ አይደለም። ምንም ጥርጥር የለውም ያልኩት በድፍረት ነው። ሞተሩ ራሱ ላይ ነው፤ እንደገና ከሥር ልጀምር።»

ይህን ያለችው አንገቷን ሳትደፋ ነው፤ ክር የተበጠሰበት ልብስ ሰፊ ክሩን ዳግም እንደሚያስገባው ሁሉ። ጋሽ ቱንቢ ግን ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

እትዬ ከመውደቃቸው ከወር በፊት፣ «መደገፊያው ይወዛወዛል» ብለዋቸው ነበር። መደገፊያውን ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠሩት ራሳቸው ናቸው። «እኔ የሠራሁት ነገር አይወዛወዝም፤ የምትወዛወዢው አንቺ ነሽ» አሏቸው። እትዬም ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ነገሩ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። እትዬ የወደቁ ዕለት ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ጋሽ ቱንቢ «ደረጃው እርጥብ ነበር» አሉ። ደረቅ ነበር። «ተሳስቻለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል፣ ይህች ልጅ እንደ ዋዛ ከአፏ ያወጣቻትን፣ እሳቸው በሃምሳ ዓመት ሥራ ለአንድም ደንበኛ ብለው አያውቁም።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«የለም፣ የለም። ቀጥይ።»

ሞተሩን ከማቀፊያው አወጣችው። ጫፉ ላይ የመዳብ ቀለበት አለ፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ጥርስ የሚያህሉ ሁለት የካርቦን ቁራጮች፣ ከኋላቸው በሞላ እየተገፉ መዳቡን ሊነኩ ይገባል። በዚያ ንክኪ ነው ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው። ነገር ግን ቦታው ሁሉ በጥቁር ጭቃ ተለስኗል። ልጅቱ በመርፌ ጫፍ ቆንጥራ አወጣች፤ በጣቷ አሸችው፤ አሸተተችው።

«ሰጋቱራ ነው። በዘይት የተቦካ ሰጋቱራ። ጋሼ፣ ይሄን ድሪል ዘይት የሚያጠጣው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ያጠጣዋል?» አሉ በኩራት። «በየቀኑ ሥራ ስጨርስ እነዚህን» ወደ መጋዞቹ ጠቆሙ፤ «በዘይት እወለውላለሁ። እሱንም በጎኑ ባሉት ክፍተቶች ሁለት ሁለት ጠብታ አደርግለታለሁ። አንድ ቀን አስርቤው አላውቅም። ከዚህ በፊት የነበሩትንም እንዲሁ ነበር የምይዛቸው...»

ዓይናቸው ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው ሣጥን ሄደ። እዚያ ውስጥ መጣል አሳዝኗቸው ያስቀመጧቸው ሁለት የሞቱ ድሪሎች አሉ።

«እነሱም እንዲሁ በድንገት ቀጥ ብለው ነው?» አለች ልጅቱ።

«አንዴ አቃስተው።»

ምላሷ የታወቀው ልጅ በዚያች ሰዓት ምላሷን ያዘች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «መጋዝ ባዶ ብረት ነው፤ ዘይት ከዝገት ያድነዋል። የዚህ ግን ቅባት የሚፈልገው ቦታ የማርሹ ጥርሶች ውስጥ ነው፤ እዚያ ፋብሪካው ቅባት አድርጎለታል። ይሄ መዳቡ ግን ደረቅ መሆን አለበት። ዘይት ሲገባ ሰጋቱራውን ይይዛል፤ ሰጋቱራው ይጋገራል፤ ካርቦኑ ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሞላው ቢገፋው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ድሪሉ ይቆማል።»

«በፍቅሬ ገደልኩት በይኛ።»

«በፍቅር ሳይሆን ሳያውቁ ነው።»

«ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት ልጄ። የማይወዱትን ማን ዘይት ያጠጣል?»

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም፤ ሥራ ነበር። በጥጥና በአልኮል ጠራረጉት፤ ጥጡ አሥር ጊዜ ጠቆረ። አንደኛው ካርቦን ግን አልቆ ጥፍር አክሎ ነበር። ጋሽ ቱንቢ ራሳቸው ሣጥኑን ጎትተው አንዱን አሮጌ ድሪል አወጡ፤ ብሎኖቹን በሌላ ሣንቃ ላይ እየሰኩ ከፈቱት። ካርቦኑ ገና ረጅም ነው፤ በአንድ ፀጉር ብቻ ይወፍራል። ልጅቱ ልትፈገፍገው ስትል «አምጪው፣ ይሄ የኔ ነው» ብለው ተቀበሏት፤ ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ላይ ዘርግተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ አራት ጊዜ ብቻ ሳቡት። ገባ፤ ላላም አላለ፣ ጠበቅም አላለ።

ልጅቱ በደስታ ሞላውን ስትጭነው ከጣቷ ፈልቆ ሄደ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አሉ ሽማግሌው። እሷ ወለል ላይ ስትርመሰመስ እሳቸው ማግኔት በክር አንጠልጥለው ሰጋቱራው ላይ አዞሩትና ሞላውን እንደ ዓሣ አወጡት።

ተዘጋ። ባትሪው ገባ። ጋሽ ቱንቢ ቁልፉን ሳቡት። ድሪሉ ጮኸ፤ ሽማግሌውም አብረው ጮኹ።

«ያኛውንም እንሞክረው!» አሉ ወዲያው፣ ሁለተኛውን አሮጌ ድሪል እያነሡ። «ባትሪውንም ከፍቼ ውስጡን...»

«ባትሪውን አይነኩትም!» አለች ልጅቱ ቆጣ ብላ። «እሱ እሳት ነው። የሞተ ባትሪ ወደ ባለሙያው ነው የሚሄደው። መክፈት ማወቅ የማይከፈተውንም ማወቅ ነው።»

«አዪዪ! ገና አንዷን በር ሳልጠግብ ሌላዋን ዘጋሽብኝ» አሉና አስቀመጡት። ከዚያም መብሻ ፑንታቸውን ድሪሉ ላይ ሰክተው ወደ ደረጃው ወጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስምንቱም ብረቶች ቆሙ።

*

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እትዬ ደረሱ። ክራንቻቸውን በግራ ይዘው፣ ቀኝ እጃቸውን አዲሱ እንጨት ላይ አሳርፈው፣ ጋሽ ቱንቢ አንድ ደረጃ ከኋላቸው ሆነው መውጣት ጀመሩ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ።

«አውራ እባክህ» አሉ። «ዝም ስትል እግሬን አስታውሳለሁ።»

ጋሽ ቱንቢም አወሩ። ስለ ገንዳው፣ ስለ ስምንቱ ብሎን፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ ነገሯቸው። «እትዬ፣ ለካ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የዕቃዬን ግማሽ ነው የማውቀው። ትናንት ከፍቼ ባላየው ኖሮ አዲሱንም ገዝቼ ዘይት አጠጥቼ እገድለው ነበር። አዲስ ዕቃ የድሮውን ስህተት ይዞ ነው የሚቀጥለው። የጠገነ ሰው ግን ስህተቱን አብሮ ያወጣዋል፤ ቀጥሎ ሲያቃስት ከመሞቱ በፊት ይሰማዋል። ባለሱቅ እስኪያመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ያ ገንዳም የሰውን ጤነኛ ሞተር ጥፍር በምታህል አንዲት ካርቦን ሰበብ አይውጥም። ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲከፍት ሌላው ያያል፤ ፍርሃቱ ይለቀዋል። ፀጉር አስተካካዩን ዛሬ ጠዋት ጠርቼዋለሁ፤ መቁረጫው ቆሞበታል፤ አብረን እንከፍተዋለን። ባትሪውን ግን አንነካም።»

«በዘይት ነው የገደልከው?»

«በዘይት።»

እትዬ ሳቁ፤ ሳቁ ዳሌያቸውን አመማቸውና ቆሙ። ዞር ሳይሉ፣ መደገፊያውን እንደያዙ፦

«እኔንስ በምን ነበር?» አሉ።

ደረጃው ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። ጋሽ ቱንቢ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው የእህታቸውን ጎባጣ ጀርባ እያዩ ቆሙ። እንደገና «እርጥብ ነበር» ማለት ይቻል ነበር።

«በኩራት» አሉ። «ይወዛወዝ ነበር እትዬ። ነግረሽኛል። ወርጄ በእጄ መነቅነቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ስሜ ይነቀነቃል ብዬ ፈራሁ። ተሳስቻለሁ። ለጎረቤትም ደረጃው እርጥብ ነበር ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።»

እትዬ ክራንቻቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አዲሱን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ባላቸው ጉልበት ሁሉ ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ ገፉት፤ ደግመው ሳቡት። እንጨቱ ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ተነፈሱ። ከዚያ ክራንቻቸውን አነሡና እግራቸውን ወደሚቀጥለው ደረጃ አሳረፉ።

«በል ቀጥል» አሉ። «ስለዚያች ስለ ልብስ ሰፊዋ ነበር የምትነግረኝ። ገና ዘጠኝ ደረጃ አለ።»